«ደህና ናት» እና «አላገኘሁትም»

ለመሆኑ አንድ ሰው አንድን ነገር «ተጠግኗል» ለማለት መብት የሚኖረው መቼ ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። የተሰበረ ወንበር ሲጠገን ተቀምጠን እንሞክረዋለን፤ የተቀደደ ሱሪ ሲሰፋ ለብሰን እናየዋለን፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ዳሩ ግን ሌላ ዓይነት ብልሽት አለ። ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ባለሙያ ሲጠራ ይሸሸጋል፤ ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ብቅ ይላል። እንዲህ ባለው ብልሽት ፊት የቆመ ሰው የእጁ ብልኃት ብቻ ሳይሆን አንደበቱም ይፈተናል። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ፈተና ናት።

ምሳሌያችንን የወሰድነው ከአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ነው። «የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ደግሞ የአይሮፕላን ሞተር ምን ይሠራል?» የሚሉን ጓደኞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። በዚያም ላይ ይህን የምንጽፈው ልጆች ገሚሶቻችን የመንዝ፣ ከመንዝም የዘመሮ ልጆች ነን፤ ዘመሮ ደግሞ የአይሮፕላን ማረፊያ የላትም። በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ አይሮፕላን ማለት ከደመና በላይ እያጉረመረመች፣ ነጭ መሥመር ጥላ የምታልፍ ነገር ነበረች። ይሁንና ትንሽ ታገሡን። ወደ ዘመሮ እንመለሳለን፤ የምንመለሰውም በደስታ አይደለም።

የአንዳችን ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ የትናንሽ አይሮፕላኖች መካኒክ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራው። ባለፈው ዓመት በጥቅምትና በኅዳር፣ የጧቱ ብርድ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ወራት፣ አንዲት አራት ሰው የምትይዝ አሮጌ ሴስና 172 መከራውን ታሳየው ነበር። ጧት በ12 ሰዓት አብራሪው ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ትልና ዝም። እንደገና፤ «ጠቅ»። በሦስተኛው ውልብልቢቱ ግማሽ ዙር ያህል ይሄድና ይቆማል፤ ወይም ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ተነስታ ታጓራለች። ጋሼ ተጠርቶ ቴስተሩን ይዞ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ይነሳል። «ይኸው፣ ምን ሆነች ታዲያ?» ይሉታል።

በመጀመሪያው ቀን ባትሪውን ለካው፤ 12.6 ቮልት፤ ጤነኛ። መዝገቡ ላይ «ተመርምሯል፤ ደህና ናት» ተብሎ ተጻፈ። በሳምንቱ ያው ችግር ተመለሰ። ባትሪው በአዲስ ተለወጠ። 4 ቀን ሠራችና ሁሉም ደስ አለው፤ በአምስተኛው ጧት «ጠቅ»። ቀጥሎ ሞተሪኖው ወረደና በሌላ ተተካ። በዚህኛው ጊዜ 11 ቀን ያለ አንዳች እንከን ሄደች። 11 ቀን! አሁንማ በእርግጥ ተጠገነች ተባለ። በአሥራ ሁለተኛው ጧት መንገደኞቹ ተሳፍረው ሳለ እንደገና «ጠቅ» አለች፤ ጋሼ እየሮጠ ሲደርስ ደግሞ ተነሳች።

አለቃው መጡ። «አሁን ተነስታለች እኮ! ፈርምና ትሂድ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉት።

ጋሼም፣ «ጌታዬ፣ ተነስታለች ብዬ ልፈርምልዎት እችላለሁ። ደህና ናት ብዬ ግን አልፈርምም። ምክንያቱን አላገኘሁትም» አላቸው።

በረራው ቀረ። መንገደኞቹ አጉረመረሙ። ጋሼም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አስቸጋሪው» የሚል ስም ወጣለት። እኛ ይህን ታሪክ በሰማን ማታ በመኝታ ክፍላችን የተነሳው ክርክር እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላቆመም። ገሚሶቻችን «ልክ ነው» ስንል፣ ገሚሶቻችን «ግትርነት ነው፤ ተነስታ የለም ወይ?» አልን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ክርክር ነው።

ክርክሩን ከመዳኘታችን በፊት ግን ብልሽቱ ምን እንደነበረ እንንገራችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ፣ ሞተሪኖውን አዙሮ፣ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መሄጃውን ሁሉም ያስበዋል፤ መመለሻውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። መካኒኮቻችን መመለሻውን «ማሳ» ይሉታል። በትንሽ አይሮፕላን ውስጥ መመለሻው የብረቱ ገላ ራሱ ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ግን ንዝረቱ እንዳይተላለፍ በጎማ ትራሶች ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከገላዋ ጋር የሚያገናኝ አንድ የተጎነጎነ የመዳብ መቀነት አለ። ከላይ ሲያዩት መቀነቱም ደህና፣ ብሎኑም ጥብቅ ያለ ነበር። ከብሎኑ ሥር ግን፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ዝገት ገብቶ ነበር።

ታዲያ ለምን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል? ሒሳቡ እነሆ። ዝገቱ የፈጠረው እንቅፋት የአንድ ኦም አንድ ሃምሳኛ ያህል ነው እንበል። አንዲት ትንሽ መብራት 1 አምፒር ብትስብ በዚያ እንቅፋት ላይ የሚባክነው 0.02 ቮልት ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም። ሞተሪኖ ሲዞር ግን 200 አምፒር ያህል ይስባል፤ ያኔ በዚያችው እንቅፋት 4 ቮልት ይባክናል። ከ12 ቮልት 4ቱ በመንገድ ከቀረ፣ ባትሪው ራሱም በብርድ ከደከመ፣ የሞተሩም ዘይት በብርድ ከወፈረ፣ ለሞተሪኖው የሚደርሰው ከ«ጠቅ» አያልፍም። ፀሐይ ስትሞቅ ብረቱ ትንሽ ይላወሳል፣ መነካካቱ ይሻላል፣ ዘይቱም ይቀጥናል፤ ብልሽቱ ተኛ። ጋሼ በቴስተሩ የለካው ታዲያ የተኛውን ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ራዲዮኑ ይናገራል፣ ባትሪው 12.6 ያሳያል። ሸክም በሌለበት ሰዓት ሁሉም ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ ሰውም እንዲሁ ነው ለማለት ይቃጣናል። በሰላሙ ቀን ሁላችንም 12.6 ነን፤ ሸክም ሲመጣ ግን 4 ቮልቱ የት እንደቀረ አይታወቅም። ነገር ግን ይህን ስብከት ለሌላ ቀን እናቆየውና ወደ ጋሼ እንመለስ።

በማግስቱ ጋሼ በሌሊት መጣ። አንድ ጓደኛውን ቁልፍ እንዲያዞርለት አስቀመጠ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ የካንዴላዎቹን ገመዶች ነቀለ፤ ጎማዎቹን በታኮ አስያዘ፤ ከውልብልቢቱም አጠገብ ሰው እንዳይደርስ አደረገ። ከዚያም በብርዱ፣ በሸክሙ፣ ሞተሪኖው ለመዞር ሲታገል በዚያችው ቅጽበት፣ መንገዱን በየቁራጩ ለካ። ከባትሪው እስከ ማስነሻው ሶሌኖይድ፤ ከሶሌኖይዱ እስከ ሞተሪኖው፤ በመጨረሻም ከሞተሩ ገላ እስከ ባትሪው መመለሻ። የመጨረሻው ላይ ቴስተሩ ከ4 ቮልት በላይ አሳየ። ሌባው ተያዘ።

የዱሮ ዘመን ሰዎች ሌባ የሚፈልጉባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሮጣል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ተብሎ ይከፍላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ፣ ሁሉም በተራው ይጠየቃል። አውጫጭኝም የራሱ በደል እንደነበረው፣ ገበሬውን ከሥራው እንደሚያስፈታው አይካድም። ግን ሁሉንም ይጠይቃል። ባትሪውን ለውጦ ማየት፣ ሞተሪኖውን ለውጦ ማየት ሌባ ሻይ ነበር፤ ሁለት ንጹሐን ተቀጡ፣ ጥፋተኛው ቤቱ ተኝቶ። መንገዱን በየቁራጩ መለካት ግን አውጫጭኝ ነው። ማንም አስቀድሞ አይወነጀልም፤ ማንም ሳይጠየቅም አይታለፍም።

ጋሼ በዚህ አላበቃም። ዝገቱን እስኪያብለጨልጭ ፍቆ፣ መቀነቱን በአዲስ ለውጦ፣ በተከታታይ ጧቶች ለካ፤ 0.2 ቮልት። ከዚያ አንድ ጧት አሮጌውን መቀነት ከነዝገቱ መልሶ አሰረው። «ጠቅ»። አዲሱን ሲመልስ ተነሳች። ያኔ ነው «ተጠግኗል» ብሎ የፈረመ። እንግዲህ ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ብልሽቱ ስለጠፋ ብቻ «ተጠግኗል» አይባልም፤ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሲያባርሩት የሚሄድ ሲሆን ግን ይባላል። 11 ቀን መነሳቷ ስለ አሥራ ሁለተኛው ቀን ምንም ዋስትና እንዳልሰጠ አይተናል። በፍልስፍና ክፍል ስለ ዴቪድ ሂዩም ስንማር፣ ትናንት የሆነ ነገር ነገም ይሆናል ለማለት አመክንዮ ብቻውን አይበቃም ሲባል፣ የቃላት ጨዋታ መስሎን ነበር። ለካስ መካኒክ በየጧቱ የሚገጥመው ጣጣ ኖሯል!

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ተቃዋሚዎቻችን ሁለት ጠንካራ ነጥቦች አሏቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። «ይህ የማስነሻ ችግር ነው። የአይሮፕላን ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት በሞተሩ የሚዞሩት ማግኔቶዎች ናቸው። ከተነሳች በሰላም ትበራለች። ባይሆን ውልብልቢቱን በእጅ አዙሮ ማስነሳት ይቻላል፤ የዱሮ ትናንሽ አይሮፕላኖች ብዙዎቹ በእጅ አይደል የሚነሱት?» ስለ ማግኔቶው የተባለው እውነት ነው። በእጅ ማስነሳት ግን ያለ ሥልጠናና ያለ ረዳት የሚሞከር አይደለም። የማግኔቶው ማጥፊያ ሽቦ ቢበጠስ፣ ቁልፉ «ጠፍቷል» እያለ ማግኔቶው ሕያው ሊሆን ይችላል፤ እጁን በውልብልቢቱ ላይ ያሳረፈ ሰው ያን የሚያውቀው ከረፈደ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ መመለሻው ሲዘጋበት ቁጭ ብሎ አያለቅስም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከሞተሩ ወደ አብራሪው ክፍል የሚሄዱ የብረት ካቦዎች አሉ፤ አንደኛው አብራሪው የሞተሩን ጉልበት የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ነው። መቀነቱ ሲደክም ያ ሁሉ አምፒር በዚያ ቀጭን ካቦ በኩል ለማለፍ ይታገላል፤ ካቦውም ይግላል። ጋሼ መቀነቱን ካገኘ በኋላ ካቦውን ፈቶ ሲያየው ልባሱ በሙቀት ጠቁሮ፣ በአንድ በኩልም ቀልጦ መያዝ ጀምሮ ነበር። «ማስነሻ ብቻ ነው» የተባለው ብልሽት በየጧቱ በ«ጠቅ» ቁጥር፣ አይሮፕላኗ በአየር ላይ ሳለች አብራሪው የሚመካበትን ካቦ እየበላ ነበር ማለት ነው። ያልታወቀ ብልሽት ወሰኑም አይታወቅም። «እዚህ ብቻ ነው ያለው» ለማለት የሚችለው ያገኘው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እኛንም አስጨንቆናል። «እኛ ድሆች ነን፤ ሁሉ ነገር እስኪረጋገጥ ከጠበቅን ምን እንሠራለን? አይሮፕላኗ የታመመ ሰው ለማምጣት፣ የተራበ ለመመገብ ብትሆንስ?» ይላል። ይህ ባዶ ምሳሌ አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አይሮፕላኖች በእኛው አገር፣ በግሼ ራቤል ደጋ ላይ እህል ከአየር ጥለዋል፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ተባብረዋቸዋል። ከዚያም በፊት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በነበረው ረሃብ፣ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በትናንሽ አይሮፕላኖች እየበረሩ መኪና ለማይደርስበት ሕዝብ እህል ጥለዋል። እኚህ ሰው በጣልያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል የበረሩ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የተገደሉ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ሞተሩ እስኪረጋገጥ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር ወይ?

መልሳችን ይህ ነው። አደጋ እያወቁ መጋፈጥ አንድ ነገር ነው፤ አደጋውን «የለም» ብሎ መሸፈን ሌላ ነገር ነው። መካኒኩ «ምክንያቱን አላገኘሁትም» ብሎ ቢጽፍ፣ አብራሪው ደግሞ አንብቦ «ሰው እየሞተ ነው፤ እበራለሁ» ቢል፣ ያ ጀግንነት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ «ደህና ናት» ብሎ ቢጽፍና አብራሪው በዚያ አምኖ ቢበር ግን ጀግንነትም ምርጫም የለም፤ ምርጫው ተሰርቋል። ድህነት አሮጌ መቀነት እንድንይዝ ሊያስገድደን ይችላል፤ ውሸት እንድንጽፍ ግን አያስገድደንም። «አላገኘሁትም» ለማለት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 እ.ኤ.አ. ስለ እምነት ግብረ ገብ በጻፈው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ያወራል። መርከቧ አርጅታለች፤ ሰውየውም ይጠረጥራል። ነገር ግን «ስንት ጊዜ በሰላም ተመልሳ የለም ወይ?» እያለ ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ያስተኛዋል። ከልቡ አምኖ ስደተኞቹን ጭኖ ይሰዳታል፤ ትሰምጣለች። ክሊፎርድ ሰውየውን ጥፋተኛ ይለዋል፤ በዚያ ማስረጃ የማመን መብት አልነበረውምና። ይበልጥ የሚገርመው ቀጣዩ ነው፤ መርከቧ በሰላም ብትደርስ ኖሮም ጥፋቱ አይቀንስም ይላል። እኛ ይህን ስናነብ የመጨረሻው አልዋጥልን ብሎ ነበር። ማንም ካልተጎዳ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? አልን። መልሱን ያገኘነው በመጽሐፍ አልነበረም።

አሁን ወደ ዘመሮ እንመለስ ዘንድ ቃል ገብተናል።

ከመካከላችን አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት ሲጠብቅ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ፒክአፗ በዘመሮ ብርድ ጧት ጧት «ጠቅ» ትል ነበር፤ ከዚያም ቁልቁል በግፊ ትነሳለች። አንድ ቀን ጓደኛችን የባትሪውን ጫፎች በካቻቢቴ ፈቅፈቅ አድርጎ መልሶ አሰራቸው። ሁለት ጊዜ ሞከራት፤ ሁለቱንም ተነሳች። በዚያው ማታ አንድ አዛውንት ከገጠር መጡ። የልጃቸው ሚስት ምጥ ሊይዛት ነው።

«ልጄ፣ ሌሊት ቢብስባት ትደርሱልናላችሁ? ወይስ ሰው ሳይበተን፣ ከአሁኑ በቃሬዛ እናውጣት?» ብለው ጠየቁ።

«አይ አባባ፣ አይቸገሩ። ተሠርታለች፤ ደህና ናት» አላቸው።

ሌሊቱ በ9 ሰዓት መልእክተኛ መጣ። ቁልፉ ዞረ። «ጠቅ»። ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዷል። መንገዱ በዚያ በኩል ዳገት ነው፤ ገፍተው ገፍተው ቁልቁለቱ ላይ እስኪያደርሷት፣ ከዚያም እስክትነሳ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አዛውንቱ ማንንም አልወቀሱም። «ምን ታደርግ ልጄ፤ የመኪና ነገር» ነው ያሉት። እኛም ያኔ ያንኑ አልን። «መኪና ነው፣ ምን ያድርግ? አውቆ አይደል!» አልነው፤ ልናጽናናው። ጓደኛችን ግን ከጋሼ ታሪክ በኋላ፣ በዚያ የክርክር ማታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ነገረን። «እንዳትነሳ ያደረግኋት እኔ አይደለሁም። ግን ቃሬዛው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሰውም ነበር። ቃሬዛውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ በአንዲት ቃል» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም።

ከዚያ በኋላ የክሊፎርድ ነገር ገባን። ያች ፒክአፕ በዚያ ሌሊት በመጀመሪያው ብትነሳ ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ይሆናል፤ ጓደኛችንም ይመሰገን ነበር። የተናገራት ቃል ግን ያችው ናት። ሁለት ጊዜ መነሳቷን ያውቃል፤ ደህና መሆኗን አያውቅም ነበር። ምኞቱን ዕውቀት ብሎ ጠራው። ቃሏ በተነገረችበት ሰዓት አዛውንቱ የሚመርጡበትን ነገር ተነጥቀዋል፤ ሌሊቱ የመጣው በኋላ ነው።

ጓደኛችንን ለብቻው አንኮንነውም፤ ያስለመድነው ሁላችን ነንና። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉን ሳይገባን በአንድ ድምፅ «አዎ!» እንላለን። ጓደኛችን ሲታመም ሁለት ቀን ደህና ከዋለ «ዳነ» እንላለን። «አላውቅም» ያለውን ሰው ሰነፍ፣ «አላገኘሁትም» ያለውን አስቸጋሪ እንለዋለን፤ ፈጥኖ «አለቀ» ያለውን ደግሞ ጎበዝ እንለዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተናል፤ በሽታው ራሱን ሲደብቅ ግን የሚያስደብቀው የእኛ ችኮላ ነው።

ጋሼ ባልፈረመበት ጧት መዝገቡን ባዶ አልተወውም። አለቃው ቆመው እያዩት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፈ፤ «ሞተሩ ተነስቷል። ምክንያቱ አልተገኘም። ነገ ጧት በብርዱ እንደገና ይመረመራል።» ጓደኛችን እነዚህን በደብተሩ ገልብጦ ይዟቸዋል። ያን ዕለት ማታ ለአዛውንቱ ሊነግራቸው ይገባ የነበረው ከእነዚህ የረዘመ አልነበረም።